ክፍል ሳይገቡ ማስመስከር

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ሰው አለ እንበል። ታሪክና ፖለቲካ ማንበብ ከልጅነቱ አብሮት ያደገ አመል ነው። ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጅ ደግሞ የአሜሪካን የመንግሥት አሠራር አንዴ ገብቼበታለሁ ብሎ እስከ ጥጉ ሄዶበታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መታወቂያውን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ ኮሌጅ የፈተና ማዕከል ይሄዳል። ስልኩንና ሰዓቱን አስረክቦ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። በ90 ደቂቃ ውስጥ ስለ ኮንግረስ፣ ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ምርጫ የሚጠይቁ 100 ያህል የምርጫ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ከ20 እስከ 80 ከሚደርሰው መለኪያ አንድ ቁጥር ብቅ ይላል። 50 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ፣ ውጤቱን የሚቀበል ኮሌጅ 3 ክሬዲት ይመዘግብለታል። ጎረቤቱ ያንኑ 3 ክሬዲት የሚያገኘው ሴሚስተሩን ሙሉ ተመላልሶ፣ አሳይመንት ሠርቶ፣ ሚድና ፋይናል ተፈትኖ ነው።

ፈተናው ክሌፕ ይባላል። የሚያዘጋጀው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን ኤስኤቲን የሚያወጣው ኮሌጅ ቦርድ ሲሆን ከ1967 ጀምሮ አለ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ 34 የፈተና ዓይነቶች አሉት፣ የአንዱ ዋጋ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፣ የወደቀ ሰው ለመድገም 3 ወር ይጠብቃል። በአንጻሩ በመንግሥት የአራት ዓመት ኮሌጅ አንድ የስቴቱ ነዋሪ በዓመት የሚከፍለው በአማካይ ከ11 ሺህ 500 ዶላር ያልፋል። ይህ ለዓመቱ 30 ክሬዲት ሲካፈል አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 1 ሺህ 150 ዶላር ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ 120 ክሬዲት፣ ማለትም 40 ያህል ኮርስ ነው። ታዲያ ያ የፓርኪንግ ሠራተኛ አርባውንም እንዲሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተፈተነ ዲግሪውን ለምን አይወስድም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መልሱ የሚጀምረው ግን ማንም ከማይጠብቀው ቦታ፣ ከጡረታ ነው።

በ1905 የብረት ከበርቴው አንድሪው ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት “ኮሌጅ” የሚባለው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበረበት። ስለዚህ ተማሪ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ስንት ሰዓት መማር እንዳለበት በ“ዩኒት” ቆጥሮ አስቀመጠ። ጡረታውን የፈለገ ኮሌጅ ሁሉ ቁጥሩን ተቀበለ። የሰዓት ቆጠራው ወደ ኮሌጅም ተሻገረና ክሬዲት አወር የምንለው ሆነ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ለ15 ሳምንት ገደማ፣ ከቤት ሥራ ጋር። ለመምህራን ጡረታ የተሰፋውን ልብስ ተማሪው ለብሶት ቀረ። ልብሱ የሚለካው ተማሪው ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ነው፤ ምን እንዳወቀ አይለካም።

ይህን ልብስ መጀመሪያ የቀደደው ጦርነት ነው። በ1942 የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በደብዳቤ የሚያስተምር ተቋም በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ከፈተ። ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ለዘመቱት የተዘጋጀው የጂኢዲ ፈተናም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኮሌጆችን ያጥለቀለቁት ተመላሾች ሬዲዮ መጠገን፣ ካርታ ማንበብ፣ ሒሳብ መያዝ የተማሩት በጦር ሰፈር ነው። እነዚህን ሰዎች ከሀ ሁ ጀምሩ ማለት አላዋጣም። ዛሬም ቢሆን በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር የመጀመሪያውን የክሌፕ ሙከራ በነጻ ይወስዳል።

ትልቁ ድፍረት የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኒውዮርክ የትምህርት ኮሚሽነር የነበሩት ኤዋልድ ናይኩዊስት፣ ሰው እውቀቱን ከየትም ያግኘው፣ ካሳየ ዲግሪ ሊሰጠው ይገባል አሉ። በ1971 አዳራሽም ሆነ ግቢ የሌለው፣ የሚፈትንና ክሬዲት የሚቆጥር ብቻ የዲግሪ መርሐ ግብር ተጀመረ። ያ መርሐ ግብር ዛሬ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1972 ኒውጀርሲ ቶማስ ኤዲሰንን አቋቋመች፤ ስሙ የተመረጠለት ሰው ራሱ ኮሌጅ ሳይጨርስ ዓለምን ያበራ መሆኑ ልብ ይሏል። በ1973 ደግሞ ኮነቲከት ቻርተር ኦክን አስከተለች። በዚህ መንገድ የሚሄዱ ተማሪዎች እነዚህን ተቋማት እስካሁን “ትልልቆቹ ሦስት” ይሏቸዋል።

ሦስቱ አዲስ ነገር ፈጠሩ ማለት ግን አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ፈተናውን የትም ለተማረ ሰው ከፍቷል። ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆነው ሕግ ያጠኑት በዚያው መንገድ ነው። ቻይና በ1981 ራሳቸውን ላስተማሩ ሰዎች የመንግሥት ፈተና ጀመረች፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ተመርቀውበታል። ደቡብ ኮሪያ በ1990 ባወጣችው ሕግ ደግሞ አራት ደረጃ ፈተናዎችን ያለፈ ሰው ኮሌጅ ሳይረግጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል።

ለአማርኛ አንባቢማ ጭራሽ ሩቅ ነገር አይደለም። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር የትም ይማር የት፣ መምህር ለመባል ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ነበረበት። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ይሄዳል። እዚያ ስንት ሴሚስተር ተቀመጥክ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው ዜማውን ነው። ማስተማር የአንዱ ደብር፣ መመስከር የሌላው ደብር ሥራ ሊሆን እንደሚችል ቤተ ክህነት ያወቀችው ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነው።

ለእኔ የዚህ ረጅም ክርክር እምብርት እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ማስተማርንና መመስከርን በአንድ ቲኬት ይሸጣል። ተፈታኙ ሁለተኛውን ብቻ ልግዛ ሲል ሻጩ ይቆጣል። ቁጣው ግማሹ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መቶዎች በአንድ አዳራሽ የሚማሩት የአንደኛ ዓመት መግቢያ ኮርስ፣ ጥቂት ተማሪ ላለው የአራተኛ ዓመት ክፍል ወጪውን የሚደጉም የኮሌጁ ላም ነው። ክሌፕ የሚያልበው ደግሞ ይህችኑ ላም ነው፤ ፈተናዎቹ በአብዛኛው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ኮርሶች ናቸውና።

ግማሹ ቁጣ ግን እውነት አለው። የምርጫ ጥያቄ ሰው የጻፈውን አምስት ጊዜ አፍርሶ መጻፍ መቻሉን አያይም። ላቦራቶሪ ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ፣ ከማይስማማው ሰው ጋር ሳይጣላ መከራከር ይችል አይችል አይለካም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መደበኛ ኮሌጆች ከ120ው ቢያንስ 30 ክሬዲት እኛ ዘንድ ተማር የሚሉት። አንዳንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ክሌፕን ጨርሶ አይቀበሉም። ቶማስ ኤዲሰንና ቻርተር ኦክም ቢሆኑ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ማጠቃለያ ኮርስ ሳያስወስዱ አይለቁም። አንድ ኮሌጅ የቆጠረውን ክሬዲት ማዶ ያለው ኮሌጅ ላይቆጥረው ስለሚችል፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሬጅስትራሩን መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ክርክሩ ከወረቀት አልፎ ሥጋ የለበሰው በነርሲንግ ነው። ኤክሴልሲየር ነርሶችን ለብዙ ዓመታት ያስመረቀው በዚሁ መንገድ ነበር። ተማሪዋ ንድፈ ሐሳቡን በፈተና ትጨርስና የመጨረሻው መሻገሪያ ሆስፒታል ውስጥ፣ በእውነተኛ ሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚሰጥ የሁለት ቀን ተኩል ፈተና ይሆናል። ፈታኟ ከጎኗ ቆማ ታያለች። መታጠብ ያለበት እጅ ሳይታጠብ ከተነካ አለቀ። ከባድ ፈተና ነበር፤ ደጋፊዎቹ ከማንኛውም ኮሌጅ የበለጠ ያጣራል ይሉ ነበር። የካሊፎርኒያ የነርሶች ቦርድ ግን ከ2003 ዲሴምበር መጀመሪያ በኋላ የተመዘገቡትን አልቀበልም አለ፤ በመምህር ክትትል ሥር የተሠራ የሆስፒታል ሰዓት ይቅረብልኝ ነው ነገሩ። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩት በዚሁ ሙያ ነውና ዝርዝሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እዚህ ላይ ልቤ ወደ ካሊፎርኒያ ያደላል። ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት ማወቅ በአንድ ጠዋት ሊታይ ይችላል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመች ነርስ ምን እንደምታደርግ ግን የሚታየው ብዙ ሌሊት አብሯት ያደረ መምህር ካለ ነው።

ሌላው እሾህ የዲግሪ ሻጮች ናቸው። እነሱም የሚናገሩት በዚሁ ቋንቋ ነው፦ የሕይወት ልምድህ ክሬዲት ነው፣ ክፈልና ውሰድ። የአሜሪካ ኮንግረስ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ እውቅና የሌላቸው ሦስት ትምህርት ቤቶች ብቻ 463 የፌዴራል ሠራተኞችን በተማሪነት መዝግበው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ፈትኖ ይሰጣል፣ ሌላው ሳይፈትን ይሸጣል። ሲቪ የሚያይ ቀጣሪ ግን ሁልጊዜ አይለያቸውም፤ ጭቃው ሁለቱንም ይነካል።

ሳልረሳው፦ የክሌፕ የቋንቋ ፈተናዎች ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ናቸው። አማርኛ ለሚናገር ሌላ በር አለ። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር በአማርኛም የቃል ፈተና ያስፈትናል፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚቆይ የስልክ ጭውውት ነው። ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ይጀመራል፤ ተፈታኙ ከዘለቀ ፈታኙ አስረዳ፣ ተከራከር፣ እንዲህ ቢሆንስ እያለ ከፍ ያደርገዋል። ውጤቱን በክሬዲት የሚቆጥሩ ኮሌጆች አሉ። “እሰማለሁ እንጂ አልናገርም” ለሚሉት የዲያስፖራ ልጆች ግን የሚሆን አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በ2023 ክረምት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የተጀመረው የመውጫ ፈተና በክፍል መቀመጥን አልተካም፤ በላዩ ላይ ተደረበ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17.2 በመቶ ብቻ 50 እና ከዚያ በላይ አመጡ። ሁሉም ዓመታቸውን ቆጥረው፣ ኮርሳቸውን ጨርሰው የመጡ ናቸው። መቀመጥና ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ ቁጥር አላውቅም። የወደቀም በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይቀመጣል።

በቴክኒክና ሙያ በኩል ግን አገሪቱ ቀድማ በሩን ከፍታለች። ብየዳን በሰፈር ጋራዥ፣ ምግብ ማብሰልን በሆቴል ኩሽና የለመደ ሰው፣ የት ተማርክ ሳይባል ሲኦሲ ለሚባለው የብቃት ምዘና ተመዝግቦ፣ ተመዝኖ፣ ካለፈ የብቃት ወረቀቱን ይወስዳል። ሃያ ዓመት የድርጅት ሒሳብ ሲዘጋ የኖረ፣ ዲግሪ የሌለው ሒሳብ ሠራተኛ ግን የአካውንቲንግን የመውጫ ፈተና አንድ ጊዜም መቀመጥ አይችልም። አራት ዓመት ክፍል ገብቶ የወደቀው ወጣት ግን እየተመላለሰ ይቀመጣል።