ቀላሉን ጥያቄ ማስቀደም

ኮምፒዩተር የራሱን ሁኔታ እንዲናገር የሚጻፍለት የትእዛዝ ጽሕፈት ስክሪፕት ይባላል። ፓፔት የሚባለው የኮምፒዩተሮች ማስተዳደሪያ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ በየ30 ደቂቃው ስለሚጠይቅ አንዱ ስክሪፕት በቀን 48 ጊዜ ይሠራል። በየጊዜው 10 ሴኮንድ በከንቱ ቢያጠፋ በቀን 8 ደቂቃ ይባክናል።

ስለዚህ ጸሓፊው ቀላሉን ጥያቄ ማስቀደም ይገባዋል። መምህር የቀረውን ልጅ ትምህርቱን እንደማይጠይቀው ሁሉ፥ የባትሪን ኃይል የሚለካ ስክሪፕትም አስቀድሞ ማሽኑ በሊኑክስ የሚሠራ፥ ቀጥሎም ባትሪ ያለው መሆኑን ይመርምር፤ ከሁለቱ አንዱ የታጣ እንደ ሆነ በዚያው ያቁም።

ሲያቆም ግን መልሱን ይጠንቀቅ። በሊኑክስ ልማድ 0 ሥራው መልካም ተፈጸመ፥ ሌላው ቍጥር ስሕተት ማለት ነው። ባትሪ አለመኖሩ ስሕተት ስላልሆነ 0 ብሎ ይውጣ፤ አለዚያ ጤነኛው ማሽን እንደ በሽተኛ ይቈጠራል።