አጥንትን የሚጠግነው ጀሶው አይደለም

ከጅቡቲ ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ አሳል ሐይቅ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የወረደ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ዳርቻው ላይ ከጨው ጋር የሚታየው ጂፕሰም ተቃጥሎ ሲፈጭ ጀሶ ይሆናል። በከተማው ፔልቲየር ሆስፒታል የሚጠቀለለው ጀሶ ከአሳል መጣ ማለቴ አይደለም። ማዕድኑ ግን ያው ነው፤ የኔዘርላንዱ ወታደራዊ ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን በ1850ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፋሻ ላይ ነስንሶ ስብራት ማሰሪያ ያደረገው።

የጀሶ ሥራ አጥንቱን ከቦታው እንዳይነቃነቅ መያዝ ብቻ ነው። የሚጠግነው አጥንቱ ራሱ ነው። በተሰበረ ሰዓት የፈሰሰው ደም ስብራቱ ላይ ይረጋል፤ ጥገናውም ከዚያ ይጀምራል። በሁለት ሦስት ሳምንት ጫፎቹን እንደ ጆሮ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ነገር ያያይዛቸዋል። ቀስ በቀስ ካልሲየም ገብቶበት ይጠነክራል። የእጅ አንጓ በስድስት ሳምንት ገደማ ይይዛል፤ ቅልጥም ግን ሦስት አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ልጆች ይፈጥናሉ። ስብራቱ ላይ ያበጠው አጥንት የቀድሞ ቅርጹን እስኪይዝ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ መኪኖቹ በሚቆሙበት ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር የእኛ የከባድ መኪና ሹፌሮች አይጠፉም። ከእነሱ አንዱ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚያስበው አገሩ ገብቶ ወጌሻ ማየትን ነው። ውልቃት መመለስ የሚችል ወጌሻ መኖሩን አልክድም። በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ግን ደም ይዘጋል፤ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ሰበብ የሞተ እጅና እግር ሲቆርጡ ኖረዋል፣ የሕፃናትም ጭምር። አጥንቱ ቆዳ በስቶ ከወጣማ ወጌሻ ጋ መሄድ የለም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ጀሶ ያሰረም ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ ሊነጋ ነው ብሎ አይጠብቅ፤ ወዲያው ሆስፒታል ይመለስ።

የጅቡቲ ሙቀት በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጀሶ ውስጥ ማላቡና ማሳከኩ አይቀርም። እንጨት አስገብቶ ማከክ ቆዳ ያቆስላል፣ ቁስሉም ተሸፍኖ ያመረቅዛል። እግሩን ከፍ አድርጎ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላው ነው። ጫት ይገባል፣ ሲጋራ ይከተላል። ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል፣ የአጥንትንም መግጠም ያዘገያል፤ ጫቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አጥንት ያለ ምግብ አይሠራም፤ ዓሣው ከባሕሩ፣ ወተቱና ባቄላው ከገበያው አለ።

ወደ አገር ቤት የምትመለሱ ደግሞ የራጁን ፊልምና የሐኪሙን ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ቢጻፍም ፊልሙ አስተርጓሚ አይሻም፤ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም አጥንቱ ምን ያህል እንደገጠመ የሚለየው አሮጌውን ራጅ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ ነው።