ፎልደሩ እዚህ፣ ፋይሉ ማዶ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ላፕቶፔን ከፈትሁ። ለእንግዶች ስለ ገዳማቱ የማነበው ጽሑፍ ዴስክቶፑ ላይ ባለው ፎልደር ውስጥ ስሙም ቀኑም መጠኑም ሳይጎድል ተቀምጧል። ልከፍተው ብሞክር እንቢ አለኝ። ጣና ሐይቅ መካከል ኔትወርክ አልነበረም። ከስሙ አጠገብ ትንሽ የደመና ምልክት አለች፤ እስከዚያ ቀን ልብ ብያት አላውቅም።

ክላውድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በብራውዘር ገብቶ ፋይል ማውረድ፣ አስተካክሎ መልሶ መጫን ነው። ጎግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስ ግን ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም አላቸው። አንዴ ከተጫነ ሩቅ ያለው መጋዘን እንደ ማንኛውም ፎልደር ሆኖ ይታያል። ወርድ ላይ ጽፈን «ሴቭ» ስንል ፕሮግራሙ ለውጡን ከጀርባ ሆኖ ይልከዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች ዙሪያ ካሉት ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጥናቱን በፍላሽ ይዞ ገብቶ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው የጠበቁት ተማሪ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የድሮፕቦክስ መሥራች ድሩ ሂውስተንም ሐሳቡ የመጣለት ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ ሲጓዝ ፍላሹን ረስቶ በመውጣቱ እንደሆነ ተናግሯል።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሙሉውን ቅጂ እዚህም እዚያም ያኖራል፤ የዲስክ ቦታ ይበላል እንጂ ኔትወርክ ቢጠፋም ፋይሉ አለ። ሁለተኛው ስሙን ብቻ አስቀምጦ ፋይሉን ሲጠየቅ ያመጣዋል። ዋንድራይቭ ይህን ሁለተኛውን እ.ኤ.አ. በ2017 በዊንዶውስ 10 ላይ አምጥቶታል።

ይህን ለማስረዳት ከራሱ ከጣና የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ምሁር የደሴቶቹን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ። ከገዳማቱ የአንዱ፣ የክብራን ገብርኤል፣ መጻሕፍት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ ታተመ። ዝርዝሩን የገለጠ ሰው የመጽሐፉን ርእስ ከነመልኩ ያገኛል፤ ብራናውን ለመግለጥ ግን ጀልባ ይዞ ክብራን መሄድ አለበት። የደመና ምልክት ያለበት ፋይልም እንዲሁ ዝርዝር ነው። በቀኝ ጠቅታ «ፕሮፐርቲስ» ብንከፍት «ሳይዝ» የሚለው ብዙ ሜጋባይት ሲያሳይ፣ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው ግን ዜሮ ሊል ይችላል። ጀልባው ኔትወርኩ ነው።

ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞ በጠዋት ይመረጣል። ኔትወርክም የራሱ ነፋስ አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በሞባይል ዳታ ብቻ ለሚሠራ ሰው የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ያን ጊዜ ሁሉ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ ምልክቶቹን መለየት ያሻል። በዋንድራይቭ ባዶ አረንጓዴ ክብ ከነራይቱ ካየን ፋይሉ ለጊዜው እዚህ አለ፤ ቦታ ሲጠብ ግን ዊንዶውስ ሊያስወጣው ይችላል። ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ራይት ካለበት የጸና ነው። ይህ የሚሆነው «ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ» የሚለውን ስንመርጥ ነው፤ በጎግል ድራይቭ ደግሞ «አቬይለብል ኦፍላይን» ይባላል። በሆትስፖት የምንሠራ ከሆነ ከባድ የፎቶ ፎልደር በዚህ መንገድ ማምጣት ፓኬጅ ይጨርሳል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ መጠበቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን መሰረዝ ነው። እዚህ የጠፋ እዚያም ይጠፋል። አምስት ተማሪዎች በጋራ በሚሠሩበት ፎልደር አንዱ ላፕቶፑ ሞልቶበት «ዲሊት» ቢል፣ የአምስቱም ሥራ ከአምስቱም ኮምፒውተር ሊነሣ ይችላል። በዋንድራይቭ ቦታ ለማስለቀቅ የተሠራው ትእዛዝ «ፍሪ አፕ ስፔስ» ነው፤ እሱ የዚህን ቅጂ ብቻ አንሥቶ ዋናውን አይነካም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ጎግል ድራይቭ ላይ 30 ቀን በቆሻሻ መጣያው ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። የመመረቂያ ጽሑፍን ያህል ነገር ያለው ሰው፣ ከዚህ ፎልደር ውጭ በሌላ ዲስክ ላይም ቅጂ ይኑረው።

ወደ ዘጌ ዳግመኛ ስሄድ ፎልደሩን ከዋዜማው ማታ አጸናሁት። ጠዋት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ዋይፋዩንም ዳታውንም አጥፍቼ ጽሑፉን ከፈትሁ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ወርጄ አየሁትና ላፕቶፑን ዘግቼ ተሳፈርሁ።