እቴጌ ጣይቱ ከስዕሉ የት ሄዱ?

አጎቴ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ብርጭቆ ሁሉም ሰው ይወስዳል። እኔ የዓድዋን ስዕል ወሰድኩ፤ በባህላዊ አሳሳል የተሣለ፣ ታትሞ ፍሬም የገባ። አጎቴ ደስ ብሎት ሳሎን ሰቀለው። በሳምንቱ ደወለልኝ።

«አንተ ልጅ፣ እቴጌ ጣይቱ የት ሄዱ?»

ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው። በግራ በኩል ጠርዙ ላይ የፈረስ ጭንቅላት ብቻ ቀርቷል፤ ፈረሱ ላይ የተቀመጡት ሴት የሉም። ወደ ሱቁ ስመለስ ልጁ ምንም አልደበቀኝም፦ «ከኢንተርኔት ያወረድነው ነው፤ ፍሬሙ ስላልበቃው ከጎን ቀነስንለት።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን እነዚህ ስዕሎች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ይነበባሉ። ስልካችሁ ላይ አንዱን ክፈቱና ዙም አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ የጣሊያን ጦር በቀኝ ነው። የእኛዎቹ ሙሉ ፊታቸው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ጠላት ግን በጎን ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይን። ይህ ከቤተ ክርስቲያን አሳሳል የመጣ ልማድ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ያያችኋል፣ ክፉ ደግሞ በጎን ይታያል።

ከላይ በነጭ ፈረስ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጦርነቱ የተደረገው እሁድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በየወሩ 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው። አፄ ምኒልክ ጥላ ተይዞላቸው፣ እቴጌዋ በፈረስ ሆነው ይታያሉ። ጣይቱ እዚያ የተሣሉት ለማሟያ አይደለም። ከዓድዋ በፊት መቀሌ ላይ የጣሊያንን ምሽግ ውኃ በማስያዝ ያስጨነቁት እሳቸው ናቸው። በዓድዋ ዕለትም ሴቶች ለተዋጊው ውኃ ያመላልሱ ነበር። ሠዓሊው ይህን ሁሉ በአንድ ሸራ ላይ አስቀመጠው። እኛ ደግሞ ለፍሬም ብለን ቆረጥነው።

ሌሎችም በሥዕል የሚፈልጉትን ነው የሚያሳዩት። ጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ገደማ የጣሊያን ወታደሮችን ደመሰሱ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሚኬሌ ካማራኖ ይህን ውጊያ በግዙፍ ሸራ ሣለው፤ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ልክ በዓድዋ ዓመት ነው። እዚያ የሚታዘንላቸው ጀግኖች ጣሊያኖቹ ናቸው። ሮም ውስጥ በእነዚህ ሟቾች ስም የተሰየመ አደባባይም አለ። ማን መሃል ይሆናል፣ ማን ጠርዝ ላይ ይቀራል የሚለው ሁሌም ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን ሳልጠይቅ አላልፍም። የከፈልኩት ለምንድን ነው? ለእንጨቱ፣ ለመስታወቱ፣ ለወረቀቱና ለቀለሙ፣ ለሱቁ ኪራይ። ለስዕሉ ዜሮ። ሠዓሊው ከሞተ ብዙ ዘመን ካለፈው ችግር የለም፤ የሁላችንም ሀብት ነው። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ዛሬ ዓድዋን የሚሥል ወጣት ሥራው ከቴሌግራም ወርዶ፣ ስሙ ተቆርጦ ሲሸጥ አንድ ብር ካላገኘ፣ ነገ ለምን ብሎ ይሥላል?

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቁ። «አላውቅም» ካሏችሁ ቢያንስ ፎቶው ከየት እንደመጣ ይንገሯችሁ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ከሆነ የሚያነበብ ታሪክ አትጠብቁበት።

ሁለተኛ፣ ሙሉውን ምስል ስልክ ላይ አሳዩን በሉና ከታተመው ጋር አስተያዩ። አራቱንም ጠርዝ እዩ፤ ግማሽ ሰው ወይም ግማሽ ፈረስ ካለ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥራቱን እዩ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ህትመት ጥርት ብሎ እንዲወጣ ምስሉ ወደ ጎን ቢያንስ 3,500 ፒክስል አካባቢ ቢኖረው ጥሩ ነው። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ፊቱ ሁሉ ይደበዝዛል።

አራተኛ፣ ፍሬሙ በስዕሉ ልክ ይሠራ እንጂ ስዕሉ በፍሬሙ ልክ አይቆረጥ።

እኔ እንደገና አሳተምኩት፣ ሰፋ ባለ ፍሬም። ጨምሬ ከፈልኩ። አዲሱ አጎቴ ያዘጋጀው ቦታ ላይ አልበቃ ስላለ ሰዓቱን አንስቶ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ የሰፈር ልጆችን ጠርቶ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ያስረዳቸው ጀመር። የጀመረው ከእቴጌዋ ነው።