በጥቂት ገንዘብ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠም
(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



በሬ ለመግዛት ገበያ የወረደ የፎገራ ገበሬ ገንዘቡን ከመፍታቱ በፊት የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ጫንቃውን ይዳብሳል፤ ጥቂት አራምዶም አካሄዱን ይመለከታል። ይህን ማድረጉ ለገንዘቡ ብቻ ተጨንቆ አይደለም፤ በሬው ደካማ ሆኖ ቢገኝ የዓመቱ እርሻ ስለሚበላሽበት ነው። ያው ገበሬ ግን የሩዙን ዋጋ ቈጥሮ ለልጁ ሲሰጠው፥ ልጁም በሐሙሲት ወይም በወረታ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ለመጀመር ሲነሣ፥ ዕቃውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በመልኩና በነጋዴው ቃል ነው። ስለዚህ ዛሬ የጠረጴዛ ኮምፒዩተርን ክፍሎች በጥቂት ገንዘብ መርጦ ስለ መገጣጠም እንናገራለን።

በመጀመሪያ መገጣጠም የተቻለበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 ዓ.ም. (በ1981 እ.ኤ.አ.) ያወጣው የግል ኮምፒዩተር፥ ክፍሎቹ ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የተገኙ፥ አሠራሩም በመጽሐፍ ታትሞ የተገለጸ ስለ ነበረ፥ ሌሎች ፋብሪካዎች ለእርሱ የሚስማማ ዕቃ ለመሥራት ቻሉ። ኢንቴልም በ1987 ዓ.ም. (በ1995 እ.ኤ.አ.) ኤ ቲ ኤክስ የተባለውን የልክ ደንብ ሲያወጣ፥ የሰሌዳው ስፋት፥ የብሎኑ ቀዳዳና የኃይል መሰኪያው ሥርዐት ያዘ። ከዚህም የተነሣ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ክፍሎች አንድ ሰው በአንድ ካቻቢቴ ሊገጣጥማቸው ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ስድስት ናቸው፤ እነርሱም የሚያሰላው ፕሮሰሰር፥ ሁሉን የሚያገናኘው ማዘርቦርድ፥ በሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ፥ የተሠራውን ለዘለቄታው የሚያኖረው ዲስክ፥ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሳፕላይና ሁሉን የሚሸፍነው ሣጥን ናቸው። እነዚህን ሲመርጡ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ልሠራበት ነው?» የሚለው ነው። ማመልከቻ ለሚጽፍ፥ ፎቶግራፍ ለሚያትምና ሒሳብ ለሚይዝ ሰው ውድ የሆነ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም። ሥዕል የማሳየት ችሎታ በውስጡ ያለበትን ፕሮሰሰር መግዛት ይበቃዋል፤ ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ የተባለው እንዲህ ያለ ነው። ነገር ግን በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ይህ ችሎታ የለውምና፥ በርካሽነቱ ተስቦ የገዛው ሰው ያለ ግራፊክስ ካርድ በስክሪኑ ላይ ምንም አያይም።

ሁለተኛው ነገር የክፍሎቹ መስማማት ነው። ኤ ኤም 4 የተባለው የማዘርቦርድ ዓይነት ዲ ዲ አር 4 ሜሞሪን ብቻ ይቀበላል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤ ኤም 5 ደግሞ ዲ ዲ አር 5ን ብቻ ይቀበላል። የኢንቴል ስምንተኛው ትውልድ ፕሮሰሰርም በስድስተኛው ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ልክ ሆኖ ሲቀመጥ ይታያል፤ ነገር ግን አይሠራም። እንዲሁም ብርቱ በሬ ከደካማ ጋር ቢጠመድ ብርታቱ በከንቱ እንደሚቀር፥ ፈጣን ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋ ባይት ሜሞሪና ከአሮጌ ተሽከርካሪ ዲስክ ጋር ሲጠመድ ፍጥነቱ አይታይም። ስለዚህ መካከለኛ ፕሮሰሰር፥ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪና ባለ 256 ጊጋ ባይት ኤስ ኤስ ዲ መያዝ ይሻላል። ገንዘቡ ካልበቃ በአንድ ሜሞሪ ጀምሮ ሁለተኛውን በኋላ መጨመር ይቻላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚናቀው ክፍል እንመለስ፤ እርሱም ፓወር ሳፕላይ ነው። በአገራችን የሚታደለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ሲጠፋና ድንገት ሲመለስ ግን መጠኑ ከፍና ዝቅ ማለቱን የማያውቅ የለም። ክፉ ፓወር ሳፕላይ ሲቃጠል ብቻውን አይቃጠልም፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ይሄዳል፤ የደንበኞችም ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለው የጽሕፈት ኮምፒዩተር ከስክሪኑ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት ያነሰ ኃይል ይበላልና፥ በላዩ «700 ዋት» ተብሎ ከተጻፈበት ቀላልና ስም የለሽ ዕቃ፥ የታመነ ባለ 400 ዋት ይበልጣል። በአንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ አለ፤ በ115 ላይ ሳለ በእኛ ኤሌክትሪክ ቢሰካ ይቃጠላል። ከሣጥኑ ጌጥና ከመብራቱ ገንዘብ ቀንሶ፥ ሥራን አኑሮ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ዩ ፒ ኤስ መግዛት የብልህ ሥራ ነው።

የመሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር መግዛትም ከመገጣጠም ይልቅ የሚረክስበት ጊዜ አለ፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን ብዙዎቹ፥ ይልቁንም ትንንሾቹ፥ ፓወር ሳፕላያቸውና ማዘርቦርዳቸው የራሳቸው ልክ ስላላቸው፥ አንዱ ሲበላሽ ከሱቅ የተገዛ ሌላ አይተካቸውም። ደግሞም የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። እንዲህ ላለው አሮጌ ኮምፒዩተር በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ይረዳል።

ከሐሙሲት ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚወርድ ገዢ የሚፈልገውን ዕቃ ከነቍጥሩ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ማዘርቦርዱን፥ ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን በሱቁ ውስጥ አስበርቶ ይይ፤ ደረሰኝና የዋስትና ቃልም ይቀበል። ያልተፈተነ ዕቃ ይዞ የተመለሰ ሰው የመኪና ዋጋ ዳግመኛ ይከፍላል። በቤቱም ሲገጣጥም ገመዱን ነቅሎ፥ የሣጥኑን ብረት በእጁ ነክቶ ይጀምር፤ ለዓይን የማይታየው የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃውን ይጐዳልና። ጕማራና ርብ በክረምት ሞልተው በሜዳው ላይ በሚፈሱበት አገር ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በበጋም አቧራው በየጊዜው ይጠረግ።

እንግዲህ አድማጮቻችን፥ ብልህ ገዢ የሚባለው ብዙ የከፈለ ወይም ጥቂት የከፈለ አይደለም፤ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው፥ ሁሉም ከሥራው ጋር እንዲስማሙ አድርጎ የመረጠ ነው።