ቦክስ የጀመረ ሰው ሰውነቱ ለምን ይደቅቃል?

በዚህ ወር አምዳችን የምንመለከተው የቦክስ ልምምድ በጀመሩ ወጣቶች ላይ ስለሚታየው የጡንቻ ሕመምና ከአቅም በላይ መለማመድ ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው። ልምምድ በጀመሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ክንዳቸውን ማንሳት አቅቷቸው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ ወጣቶች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ “ነገም ልምምድ አለብኝ፣ ሕመሙን ቶሎ የሚያጠፋ ጠንከር ያለ ነገር ስጡኝ” የሚል ነው። ኪኒን ከመዋጥ በፊት ግን ሕመሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በእግሩ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሳይማር ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ሲወርዱት ትንፋሽ አያጥርም፤ በማግስቱ ግን ጭን ይደቅቃል፣ ተቀምጦ መነሣት ያስጨንቃል። ምክንያቱም ቁልቁል ስንሄድ የጭናችን ጡንቻ እንደ ፍሬን ሆኖ፣ እየተሳበ ክብደታችንን ይይዛል። ጡንቻ እየተሳበ ሲሠራ በውስጡ ባሉ ቀጫጭን ክሮች ላይ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይደርስበታል። ሰውነት ያንን ሲጠግን ሕመምና መጠነኛ እብጠት ይፈጠራል።

በቦክስም የሚሆነው ይኸው ነው። የተሰነዘረን ክንድ መልሰው የሚይዙት የትከሻና የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ገመድ ስንዘል ደግሞ መሬት በነካን ቁጥር ባታችን ክብደታችንን ይሸከማል።

ይህ ሕመም ከልምምዱ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዶች “ብርድ መታኝ” ይላሉ፤ ሌሎች በጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረውን ላክቲክ አሲድ ምክንያት ያደርጋሉ። ላክቲክ አሲድ ግን ልምምዱ ካበቃ ከአንድና ሁለት ሰዓት በኋላ ከጡንቻ ስለሚወገድ የማግስቱ ሕመም መነሻ አይሆንም። ያው ልምምድ ከቀናት በኋላ ሲደገም ሕመሙ በጣም ይቀንሳል፤ የተጠገነው ጡንቻ ከቀድሞው ይበልጥ ጠንክሯልና።

ጥንካሬ የሚገኘው በዕረፍት ነው

ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፤ የሚያጠነክሩት ዕረፍት፣ እንቅልፍና ምግብ ናቸው። ጥገናው ሳያልቅ በየቀኑ የሚለማመድ ሰው ጉልበቱ እየጨመረ ሳይሆን እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያሉት ከአቅም በላይ የመለማመድ ምልክቶች ናቸው፦

• ጠዋት ከመኝታ ሳይነሡ የሚቆጠር የልብ ምት ከተለመደው ከፍ ብሎ መቆየት፤
• እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ያለ ምክንያት መበሳጨት፤
• ጉንፋን እየተመላለሰ መያዝ፤
• እየተለማመዱ አቅም መቀነስ።

እነዚህ ሲታዩ ልምምዱን ለጥቂት ቀናት ማቆም ወይም በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል።

ጀማሪ ምን ያድርግ?

በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፉ መለማመድ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ3 እስከ 4 ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 2 ደቂቃ፣ በየመካከሉ የ1 ደቂቃ ዕረፍት ይኑር። ጭማሪው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይሁን። ከመጀመር በፊት 10 ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከረጢት ከመምታት በፊትም እጅን በፋሻ መጠቅለል አይዘንጋ። በዕረፍቱ ቀን ቀስ ብሎ መራመድ ሕመሙን ያቀልላል፤ የደቀቀን ጡንቻ በኃይል ማሸት ግን ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል።

መሐመድ ዓሊ፣ በቀድሞ ስሙ ካሲየስ ክሌይ፣ ቦክስ የጀመረው በ1947 ዓ.ም. በ12 ዓመቱ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ባሸነፈበት በ1952ቱ የሮም ኦሊምፒክ እርሱም በ18 ዓመቱ ወርቅ አገኘ። ያ ክንድ በአንድ ወር አልተሠራም።

ለምግብ ከቤት መራቅ አያስፈልግም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላልና ወተት ለጡንቻ መጠገኛ የሚሆን ፕሮቲን አላቸው። ውሃ በበቂ መጠጣቱን የሚያሳየው የሽንት ቀለም ፈዛዛ ቢጫ መሆኑ ነው። እንቅልፍ ለአዋቂ ከ7 ሰዓት፣ ለታዳጊ ከ8 ሰዓት አይነስ።

በረመዷን አዲስ ልምምድ አለመጀመር ይመረጣል። ቀድሞ የለመደ ሰው ካፈጠረና ውሃ ከጠጣ በኋላ ቀለል አድርጎ መለማመድ ይችላል።

ስለ ማስታገሻ መድኃኒት

ሕመሙ ካስቸገረ ፓራሲታሞል ለአጭር ጊዜ መውሰድ ይቻላል፤ ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 መብለጥ የለበትም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ፣ ላብ በላብ ሆኖ ውሃ ያልጠጣ ወይም ክብደት ለመቀነስ ውሃ የተወ ሰው ቢወስዳቸው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለባችሁ ሳታማክሩ አትውሰዷቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ፣ ወይም ሕመሙን አደንዝዞ ለመለማመድ መርፌ መወጋት ተገቢ አይደለም። ዴክሳሜታዞንን “ሰውነት ያፈረጥማል” ብለው የሚወስዱም አሉ፤ ያበጠ ፊት ጡንቻ አይደለም፣ እንዲያውም መድኃኒቱ በብዛት ሲወሰድ ጡንቻን ያመነምናል።

ወደ ጤና ተቋም ፈጥኖ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ወይም እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ጡንቻው ክፉኛ አብጦ ከጠነከረ ወይም እጅና እግር አልታዘዝ ካለ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም። ይህ ከመጠን በላይ የተጎዳ ጡንቻ ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ሲገባ የሚታይ ሲሆን ኩላሊትን ሥራ ሊያስቆም ይችላል። አንዱን መገጣጠሚያ ለይቶ የሚወጋ ወይም ከሳምንት በላይ የቆየ ሕመምም መመርመር አለበት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቦክስ ሲጀምር ስንት ዙር እንደተጫወተ ብቻ አትጠይቁት፤ እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንደበላና ኪኒን እንደዋጠ ጠይቁት። የደከመውን ቀን ማረፍም ከልምምዱ አንዱ ክፍል መሆኑን ንገሩት። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።