አንጋፋው አዲስ ሥራ ያውጣ ወይስ ይብቃው?

መርካቶ ውስጥ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ «የድሮ አድርግልኝ» ካሉት ሌላ ነገር አይጠይቅም። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል፤ እነሱን ገልብጦ ፍላሹን ይመልሳል። ከዚያ ትውልድ በስተርጅናው አዲስ ሥራ ያወጣ እንዳለ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። አንጋፋ ሙዚቀኛ ወደ ስቱዲዮ ገባ ሲባል የሚሰማው «ስሙን እንደያዘ ቢያርፍ አይሻልም?» የሚል ነው።

ጥያቄው ከክፋት አይነሳም። ሰው የወደደውን ድምፅ ደክሞ መስማት ይከብደዋል። በ1933 ዓ.ም. መርካቶ የተወለደው ማህሙድ አህመድ ጫማ ጠርጎ ያደገ፣ አሪዞና ክበብ ተቀጥሮ ሲሠራ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ፊት ዘፍኖ የተነሳ ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ፣ በ83 ዓመቱ፣ መድረኩን በክብር ተሰናበተ። የመድረክ ጉልበት ልክ አለው፤ ማህሙድ ልኩን ራሱ አወቀ። መድረክ መሰናበትና ሙዚቃ መፍጠር ማቆም ግን ለየቅል ናቸው፤ ክርክራችን ሁለቱን ያምታታል።

ወደ ኋላ እንመለስ። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤትና ሀገር ፍቅር ሙዚቀኛን በደመወዝ ያኖሩ ነበር። ከአንድ ድምፃዊ ጀርባ ጥሩምባው፣ ሳክስፎኑ፣ አቀናባሪውና ልምምዱ ነበር። የሸክላው ዘመን ወርቅ የሆነው በዚህ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የማታ ክበቦችን አዳከመ፤ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ፤ ሸክላውን ካሴት ተካው። ካሴት ደግሞ እንደወጣ ይገለበጥ ነበር። ገቢው ሲሳሳ የነፋሾቹን ቦታ አንድ ኪቦርድ ያዘው። እናም አንጋፋው ከብዙ ዓመት በኋላ አልበም ሲያወጣ አድማጩ «ድምፁ አረጀ» አለ። እኔ ግን በብዙዎቹ ሥራዎች ከድምፁ ይልቅ የጎደለኝ ባንዱ ነው።

ባንድ ያገኙትን ማየት ይበቃል። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው። ዕድሜው 70 ካለፈ በኋላ ከሆላንዱ የፓንክ ሮክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር ሆኖ በእ.ኤ.አ. 2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ቀረጸ። ሳክስፎን ትንፋሽ የሚበላ መሣሪያ ነው፤ እሱ ግን ሽለላና ፉከራውን በእነዚያ ጊታሮች ጩኸት ላይ አስነሳው። አልበሙን የሰማ ሰው «ቢያርፍ ይሻል ነበር» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

የኃይሉ መርጊያ ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች በእ.ኤ.አ. 1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን ዳርቻ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ሻንጣ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ የእ.ኤ.አ. 1985ቱን ካሴቱን አግኝቶ በእ.ኤ.አ. 2013 ዳግም አሳተመለት። መንገዱ ተከፈተ፤ በእ.ኤ.አ. 2018 «ላላ በሉ»፣ በእ.ኤ.አ. 2020 «የኔ ምርጫ» ወጡ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖ ነው። ያ ሁሉ የታክሲ ወረፋ ልምምድ በከንቱ እንዳልቀረ ሳስብ ደስ ይለኛል።

እንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ በእ.ኤ.አ. 2023 አዲስ የድርሰት አልበም ሲያወጡ ሚክ ጃገር 80 ዓመቱ ነበር። እነሱ ቢያወጡም ባያወጡም የትናንቱ ሥራቸው ያኖራቸዋል። የእኛዎቹ ይህን አላገኙም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ለሮያሊቲ አሰባሰብ መንገድ የከፈተው ማሻሻያ ደግሞ በ2007 ዓ.ም.። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ሁለተኛው ገና አልወጣም ነበር።

ስለዚህ መልሴ ያውጡ ነው። አቅሙ ያለው አሳታሚም ለአንድ አንጋፋ ሙሉ ባንድ ይከራይለት፤ በነፋሾቹ፣ በበቂ ልምምድ። እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ ፍላሽዎን ሲሰጡ «ላላ በሉ» አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ከወደዱት ደግሞ ገልብጠው አይለፉት፣ ይግዙት። ኃይሉ በሕይወት አለ።